ቮልስን እንዳለች መንዳት፦ ባሕር ዳር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ ቮልስ (ቮልስዋገን ቢትል) የሚነዳ ሰው ብቻውን አይቆምም። ማደያ ሰልፍ ላይ፣ ጎሚስታ ቤት፣ ሐይቁ ዳር ዛፍ ጥላ ሥር፣ የትም ቢሆን አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛው ጥያቄ መጨረሻው አንድ ነው፦ «ለምን እንዲህ አታደርጋትም?» ዝቅ አድርጋት፣ ሞተሯን ቀይረው፣ ሰፊ ጎማ አስገባላት። እኔ ደግሞ ቮልስ እንደተሠራች ብትነዳ ይሻላል ባይ ነኝ። ምክንያቴን በየጥያቄው ሥር አስቀምጫለሁ።

ቮልስ ምኗ ነው ከሌላው መኪና የሚለየው?

ነገሯ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው። ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት። የቤንዚን ታንከሯም ከፊት ነው። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ተቀምጧል። ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። አራቱ ፒስተኖች ቆመው ሳይሆን ተኝተው ይሠራሉ፤ ሁለቱ በግራ፣ ሁለቱ በቀኝ። ሳትታይ በድምጿ ብቻ የምትታወቀው በዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጀርመን ውስጥ የነደፋት ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። በብዛት መመረት የጀመረችው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ፑብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እስከዚያ ድረስ 21,529,464 ተሠርተዋል። ይህን ቁጥር ያነሳሁት ለጉራ አይደለም። መሐንዲሶቹ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ትንንሹን ነገር ከዓመት ዓመት ሲያሻሽሉ ኖረዋል፤ ዋናውን አሠራር ግን አልነኩትም። ዛሬ ግራ የሚያጋባን ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ታስቦበት የተቀመጠ ነው።

ገንዘቡም ፍላጎቱም አለኝ። ለምን ሞዲፋይ አላደርጋትም?

መጀመሪያ፣ ቮልስ ላይ አንድ ነገር ብቻውን አይነካም። ከኋላ ሰፊ ጎማ ያስገባ ሰው ጎማው መከለያውን መቧጨር ሲጀምር መከለያውን ያስቆርጣል። ከተቆረጠው መከለያ ሥር ጭቃው ወደ ላሜራው መጋጠሚያ ይገባል። ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ ዝገቱ ይጀምራል። ዝገቱን በስቱኮ ይሞሉታል፤ ከላይ ቀለም ይቀቡታል። ሁለት ክረምት ሳይቆይ ቀለሙ ያብጣል። ይህ ሁሉ የመጣው ከጎማ ነው።

ማርሚታም (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ማርሚታ ሁለት ቀጫጭን ጭራዎች አሉት። ያቺ የምትታወቅ የፉጨት ድምፅ ከእነሱ ነው የምትወጣው። ያንን አውጥቶ የሚያጓራ ጭስ ማውጫ ያስገባ ሰው ካርቡሬተሩም እንደገና መስተካከል ይፈልጋል። አብዛኛው ሰው ይህን አያደርግም። ከዚያ «ቮልስ ነዳጅ ትበላለች» ይላል። ደግሞ ጠዋት ቅዳሴ ሳይወጣ በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር እያጓሩ ማለፍ ለማንም ጥሩ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ደስታው ነው። ለእኔ ዋናው ይኼ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስነዳ ቦታ ብዙ የለም። ሳይክሉ፣ ባጃጁ፣ እግረኛው፣ ከገበያ የሚመለሰው አህያ፣ ሁሉም መንገዱን ይጋራል። ዘመናዊ መኪና በዚህ ፍጥነት ምንም አትሰማህም። ቮልስ ግን በ40 ኪሎ ሜትር እየሠራች እንደሆነ ታውቃለህ። ማርሹን መቼ እንደምትቀይር በጆሮህ ታዳምጣለህ። መሪዋ ቀላል ነው፤ ፊቷ ላይ ሞተር ስለሌለ ያለ ምንም እርዳታ በአንድ እጅ ይዞራል። ኃይሏን ሁሉ ተጠቅመህ ማንንም ሳታስቸግር መንዳት የምትችልባት መኪና ናት። ሞተሯን ስታሳድገው ይህ ደስታ ይጠፋል። መንገዱ አይቀየርማ!

ሦስተኛው፣ አንዴ የተጣለ ዕቃ አይመለስም። የመጀመሪያውን ፓራውልት፣ የመጀመሪያውን መሪ፣ የመጀመሪያውን ወንበር ቁራሌው አንዴ ከወሰደው ወሰደው ነው። ከዓመታት በኋላ ልመልሳት ያለ ሰው የሚያወጣው ወጪ ለሞዲፋይ ካወጣው ይበልጣል።

ጉልበት የላትም ይሉኛል። እውነት ነው?

በቁጥር ካየነው ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራች ባለ1200 ሲሲ ሞተር ቮልስ 34 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ይህ የተለካው በባሕር ጠለል ላይ ነው። የጣና ውሃ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ገደማ ያጣል። እዚህ ከተማችን ላይ እንግዲህ ከአምስት አንድ እጅ ያህሉ የለም ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

ግን «ጉልበት የላትም» ከሚባሉት ቮልሶች ብዙዎቹ የታመሙ ናቸው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ ግን ለባሕር ጠለል የተለካውን ያህል ቤንዚን ይሰጣል። ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል። ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩት። ጥቁር ጥቀርሻ ከያዘ ምልክቱ ይኼ ነው። ቡናማ መሆን አለበት። ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሿን ባለቀዳዳ ናስ በአንድ ደረጃ ጠበብ ባለች መቀየር ይቻላል። ዋጋዋ ትንሽ ነው። ይህን ሞዲፋይ አልለውም፤ መኪናዋን ካለችበት አገር ጋር ማስማማት ነው።

ከዚያ ፑንቲናው (ለካንዴላው እሳት የሚከፈትና የሚዘጋው መገናኛ) ይታይ። ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ቫልቮላው ይስተካከል፤ የሚስተካከለው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ማታ አድርሷት፣ ጠዋት ይሥሯት። እነዚህ ሦስቱ ተስተካክለው የቤዛዊትን ዳገት ያልወጣች ቮልስ አላየሁም። በሁለተኛ ማርሽ ትወጣለች። አትቸኩልም፤ ትወጣለች።

ሞተሩን በትልቅ ብቀይረውስ?

ፍሬኑስ? ከበሮ ፍሬኖቿ፣ ፍሪሲዮኗ፣ ካምቢዮዋ የተሰፉት ለዚያ ጉልበት ነው። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ሊብሬ ላይ ተጽፏል። ሞተር ሲቀየር ሊብሬውም መታረም አለበት። ሳይታረም የቀረ እንደሆነ ቦሎ ላይም፣ መሸጥ ሲመጣም ጣጣ ነው።

ባሕር ዳር ሙቀት ነው። ራዲያተር የሌላት መኪና አትግልም?

ይህን ጥያቄ በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ እሰማዋለሁ። ተገቢ ጥያቄም ነው። መልሱ ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው የተለየ ነው። ቮልስ የምትግለው አየሩ ስለሞቀ ሳይሆን ሰው የሆነ ነገር ስላወለቀባት ነው።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ትልቅ ፋን አለ። ሁለቱንም የሚያዞራቸው አንድ ችንጋ ነው። ፋኑ ንጹሕ አየር ከላይ ስቦ በላሜራ ሽፋኖች ውስጥ ወደ ሲሊንደሮቹ ይገፋዋል። አየሩ ሙቀቱን ይዞ ከታች ይወጣል። በሞተሩ ዙሪያ የምታዩአቸው ላሜራዎችና በጠርዙ ያለው ጎማ ሥራቸው አንድ ነው፤ ከታች የወጣው የጋለ አየር ተመልሶ ወደ ላይ እንዳይገባ ይከለክላሉ። አንድ መካኒክ «ይሄ ሥራ የለውም» ብሎ አንዱን ላሜራ ሲያስቀር፣ ወይም ያረጀው ጎማ ሳይተካ ሲቀር፣ ፋኑ የራሷን ትኩስ ትንፋሽ መልሶ ይግታታል። ያኔ ትግላለች።

ስለዚህ መጀመሪያ ላሜራዎቹ ሁሉ በቦታቸው መኖራቸውን እዩ። ብሎኖቹም እንዲሁ። የማሞቂያውን ሳጥኖች «ባሕር ዳር ማን ይሞቃል?» ብለው የሚያስወልቁ አሉ። ሳጥኖቹ ሲወልቁ ከፋኑ ወደ እነሱ የሚሄደው ቀዳዳ ካልተደፈነ የማቀዝቀዣው አየር በዚያ ይባክናል። ይቀመጡ፤ ማንሻውን ብቻ ዝጉት።

የችንጋው ነገር ብርቱ ነው። በአውራ ጣት መሃሉን ስትጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይርገብ። የዲናሞው ቀይ መብራት መንገድ ላይ ከበራ ወዲያውኑ ቁሙ። ሌላ መኪና ላይ ይህ መብራት «ባትሪው አይሞላም» ማለት ነው፤ ጋራዥ ድረስ ይነዳል። ቮልስ ላይ ግን «ችንጋው ተበጥሷል፣ ፋኑ ቆሟል» ማለት ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ሆኖ ጥቂት ኪሎ ሜትር መንዳት ሞተር ያስጨርሳል። ተጨማሪ ችንጋና 21 ቁጥር ቁልፍ ከመኪናዋ አይለዩ። መንገድ ዳር ለመቀየር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ዘይቱን በተመለከተ፣ የምትይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው። እንደ ሌሎች መኪናዎች የዘይት ፊልትሮ የላትም፤ ያላት የወንፊት ማጥለያ ነው። ዘይቱ ሞተሩን የማቀዝቀዝም ሥራ አለበት። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር፣ ወንፊቱም ይታጠብ። አቧራማ መንገድ የሚያበዛ ሰው ከዚያም ቀደም ቢያደርግ ይጠቀማል።

ዝቅ ባደርጋት ታምራለች። ምን ይጎዳል?

ከሥሯ እስከ መሬት ያለው ክፍተት 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶኑን፣ ሳይታሰብ የሚመጣውን ፍጥነት መቀነሻ፣ በክረምት ውሃ የሚተኛበትን ጉድጓድ አስቡት። ያ ክፍተት ያስፈልጋል።

ሌላም አለ። የድሮዎቹ ቮልሶች የኋላ እግራቸው ከካምቢዮው ጋር ከተያያዘበት ቦታ ላይ እንደ ክንፍ ይወዛወዛል። መኪናዋ ዝቅ ስትል ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ይጋደላሉ። ጎማው በውስጥ ጠርዙ ብቻ ያልቃል። ተርሽን ባሩን (በስፕሪንግ ፈንታ የሚሠራውን ተጠማዛዥ ብረት) ሳያውቅ የሚነካ ሰው ደግሞ ግራና ቀኙን እኩል ማድረግ ያቅተዋል፤ መኪናዋ አንድ ወገን ታዘነብላለች።

ጠባብ ጎማዋንም አትናቁት። በጭቃ ላይ ሰፊ ጎማ ይንሳፈፋል፤ ጠባቡ ጭቃውን ቆርጦ ጠንካራውን መሬት ያገኛል። የሞተሩ ክብደት ደግሞ በሚያሽከረክሩት ጎማዎች ላይ ነው። ወደ ዘጌ በየብስ የሚወስደው መንገድ ዝናብ ሲመታው ቮልስ ከእሷ የሚበልጡ መኪናዎች ተይዘው በቀሩበት ስታልፍ ታያላችሁ።

ጎሚስታው አራቱንም ጎማ እኩል ነፋልኝ። ልክ ነው?

አይደለም። ብዙዎችን «ቮልስ መንገድ ላይ ትንቀዋለላለች» የሚያሰኛቸውም ይኼ ነው። ክብደቷ ከኋላ ስለሆነ የፊት ጎማ ከኋላው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያነሰ ነፋስ ይፈልጋል። ፊቱ በጣም ሲነፋ መኪናዋ ትነጥራለች፤ መሪው አይረጋም። ትክክለኛው ልክ በጎማችሁ ዓይነት ይለያያል። ለእናንተ የሚሆነውን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ የፊተኛው ኮፈን ውስጥ ለጥፉት፤ ጎሚስታውንም በትሕትና አሳዩት። «ወንድሜ፣ የዚች ነገር የተለየ ነው» ብትሉት ይሰማል።

ከዚሁ ጋር አንድ የአነዳድ ነገር። ኩርባ ውስጥ ገብታችሁ በድንገት ፍሬን አትርገጡ፣ ነዳጅም በድንገት አትልቀቁ። ከመግባታችሁ በፊት ቀንሱ፤ ከዚያ ነዳጁን ለስለስ አድርጋችሁ እየሰጣችሁ ውጡ። ኋላዋ ከባድ ስለሆነ በድንገተኛ ነገር ትዞራለች። ይህን የለመደ ሰው ሌላ መኪናም የተሻለ ይነዳል።

የመስታወት ውሃዋ በጎማ ነፋስ ይሠራል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ እኔም ከምወዳት ነገሮች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በተሠሩት ላይ ከስኮርታ ጎማው ወደ ውሃ መያዣው ቱቦ ይሄዳል። የጎማው ነፋስ ውሃውን ይገፋዋል። ፓምፕ የለም፣ ሞተር የለም፣ የሚቃጠል ነገር የለም። ስኮርታው ለዚህ ሲባል ከሌሎቹ ጎማዎች በላይ ይነፋል። በጥር አቧራ ከጢስ ዓባይ ስትመለሱ መስታወቱ ላይ «ፊስ!» ብሎ ሲረጭ አብራችሁ ያለ ልጅ ካለ ደግማችሁ እንድታደርጉት ይለምናችኋል። በኤሌክትሪክ ፓምፕ የቀየሩት አሉ። ለምን እንደቀየሩት አይገባኝም። የተበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ያቺ ትንሽ ቱቦ ናት።

የእኔዋ የነዳጅ መለኪያ የላትም። ላስገባላት?

እ.ኤ.አ. ከ1962 በፊት የተሠራች ሳትሆን አትቀርም። በእነሱ ላይ መለኪያ የለም፤ እግር ሥር የምትዞር ማንሻ አለች። ሞተሩ ማነቅ ሲጀምር ማንሻዋን ታዞሯታላችሁ፤ 5 ሊትር ገደማ ተጠባባቂ ነዳጅ ይለቀቃል። ስትሞሉ ማንሻዋን መመለስ እንዳትረሱ፤ ሙሉው ምሥጢር ይኼ ነው። ታንከሩ 40 ሊትር ይይዛል። በጥሩ ይዞታ ላይ ያለች 1200 በ100 ኪሎ ሜትር ከ7 እስከ 8 ሊትር ትጠጣለች። ከዚህ እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ መንገዱ ሰላም ሲሆን በአንድ ሙሌት ደርሳ ትመለሳለች። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥር በየቀኑ ማስታወሻ ደብተር ላይ የሚጽፍ ሰው መለኪያ አያስፈልገውም። ማደያ ላይ ሰልፍ በበዛበት ጊዜ ግን በተጠባባቂው ላይ እስክትደርሱ አትጠብቁ።

6 ቮልት ናት። ወደ 12 ልቀይራት?

እዚህ ላይ ግትር አልሆንም። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ አብዛኞቹን ወደ 12 አዙሯቸዋል። 6 ቮልት ንጹሕ ሽቦና ንጹሕ መጋጠሚያ ይፈልጋል። መብራቷ ሲደበዝዝ መጀመሪያ ከባትሪው ወደ አካሏ የሚሄደውን ገመድ አውልቃችሁ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት። ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ይስተካከላል። 6 ቮልት ባትሪና አምፖል ማግኘት ካቃታችሁና ማታ የምትነዱ ከሆነ ግን ቀይሩት። የወጣውን ዲናሞ ግን አትሽጡት፤ ካርቶን ውስጥ ይቀመጥ።

የባትሪውን ነገር ካነሳን አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው ብያለሁ። ወንበሩ ውስጥ የሽቦ ስፕሪንግ አለ። ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ ስፕሪንጉ ዝቅ ብሎ የባትሪውን ጫፍ ከነካ ወንበሩ በእሳት ይያያዛል። የባትሪው ክዳን የግድ መኖር አለበት። ከሌለ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ቆርጣችሁ አልብሱት። ዛሬውኑ እዩት።

እንግዲያውስ ምንም አይጨመርባት ማለትህ ነው?

አይደለም። ለሕይወት የሚሆን ነገር ይጨመር። የወንበር ቀበቶ፣ እሳት ማጥፊያ፣ ደህና የፊት መብራት፣ ባለሁለት መስመር የፍሬን ሥርዓት። ይኸኛውን ፋብሪካውም በኋላ ላይ አስገብቶታል። የእኔ መመዘኛ ቀላል ነው፦ ላሜራ ሳይበሳ፣ ሳይቆረጥ የሚገባ፣ ሲፈለግ ተፈትቶ የሚወጣ ከሆነ ችግር የለውም። ለስልክ ማስቀመጫ ተብሎ ዳሽቦርድ መብሳት ግን ያሳዝነኛል። ያ ዳሽቦርድ ላሜራ ነው፤ ቀዳዳው አይድንም።

ወደ ኤሌክትሪክ ብቀይራትስ?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። ለየቀኑ ሥራ ኤሌክትሪክ መኪና ጥሩ ነው፤ የሚችል ይግዛ። ግን የቮልስን ሞተር አውጥቶ ባትሪ መጫን ዋናውን ነገር አውጥቶ ቅርፊቱን ማስቀረት ነው። ከባድ ባትሪ ሲጫንባት ፍሬኑም፣ እግሩም፣ ወለሉም እንደገና ይሠራ ማለት ነው።

መካኒኩ «ይሄ አሁን የለም፣ በሌላ እንግጠመው» ሲለኝ ምን ልበለው?

ይህን የጠየቀችኝ ቮልሷን ከአባቷ የወረሰች ሴት ናት። ጥሩ መካኒክ ሁሉ የቮልስ መካኒክ አይደለም። ወጣቶቹ ኮምፒውተር ሰክተው የሚያዩትን ያውቃሉ፤ ፑንቲና ነክተው የማያውቁ ግን አሉ። ቀስ ብላችሁ ሽማግሌ ፈልጉ። በዚህ ከተማ በድምፅ ብቻ የትኛው ቫልቮላ እንደላላ የሚነግሯችሁ አባቶች አሁንም አሉ። «ጋሼ፣ እስቲ ስሟት» ብትሏቸው ሥራቸውን ትተው ይመጣሉ።

«የለም» የተባለው ዕቃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አለ። ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠራች ለእሷ የሚሆን አዲስ ዕቃ ዛሬም ይመረታል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ (የመኪና መለዋወጫ ገበያ) የሚመላለስ ሰው ካወቃችሁ የድሮውን ዕቃ ራሱን በእጁ ላኩለት፤ በስልክ በመግለጽ ብቻ አይሆንም። የተሠራችበትን ዓመትም ጻፉለት። ለምሳሌ ቸርኬዋ በድሮዎቹ ላይ ባለ5 ብሎን ነው፤ በኋላኞቹ ላይ ባለ4። ዓመቱን ሳያውቁ የተገዛ ዕቃ ገንዘብ ማባከን ነው።

በሩ ሲዘጋ አልገጥም ይለኛል። ተጣሞ ነው?

ምናልባት አልተጣመም። አካሏ በጣም ጥብቅ ስለሆነ መስኮቶቹ ሁሉ ከተዘጉ ውስጡ ያለው አየር በሩን ይገፋዋል። አንዱን መስኮት በትንሹ ከፍታችሁ ሞክሩ። ከፊት ያለችውን ትንሿን ባለሦስት ማዕዘን መስኮትም ተጠቀሙባት። ወደ ውስጥ ስታዞሯት ነፋሱን ፊታችሁ ላይ ታመጣለች። በሚያዝያ ሙቀት ከኤሲ የማይተናነስ ነገር ነው።

የት ልንዳት?

ጠዋት ገና ፀሐይ ሳትከር በሐይቁ ዳር ዘንባባው መሃል። ከዚያ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ቤዛዊት። 380 ሜትር የሚረዝመው ድልድይ ላይ የቮልስ ድምፅ እንዴት እንደሚሰማ ቀስ ብላችሁ አዳምጡት። ቤዛዊት አናት ላይ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት፤ ትንሽ በዝግታ ይሥራና ይቀዝቅዝ። እሑድ ጊዜ ካላችሁ ዘጌ ድረስ ሂዱ። ከጫካው ቡና ሥር ጥላ አይጠፋም፤ መኪናዋን አቁማችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልማችሁ ትመለሳላችሁ።

ልገዛ ነው። ምን ልይ?

ቀለሙን ተዉት። ያበደ ቀለም ስቱኮ ይደብቃል። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ላሜራው ላይ የማይዝባቸው ቦታዎች ስቱኮ ናቸው። ከበሮቹ ሥር በጎንና በጎን የሚሄዱትን ባዶ ሳጥኖች በጣት መቱ። የማሞቂያው አየር የሚያልፍባቸውም፣ አካሉን የተሸከሙትም እነሱ ናቸው። ከበሰበሱ ጥገናው ትልቅ ነው። ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉን እዩ፤ በተለይ ባትሪው ሥር ያለውን፣ አሲድ ይበላዋል።

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከኋላ ያለውን ትልቁን ፑሌ (ችንጋውን የሚያዞረውን ክብ ብረት) በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግፉ፣ ሳቡ። የሚታይ ክፍተት ካለና «ኳ» የሚል ድምፅ ከተሰማ የሞተሩ ውስጥ አልቋል፤ ዋጋው በዚያ ልክ ይቀነስ። ሁለት ቮልስ ከቀረቡላችሁ፣ አንዷ ተሞድፋ የምታብረቀርቅ፣ ሌላዋ የደበዘዘች ግን ያልተነካች፣ ሁለተኛዋን ውሰዱ።

በመጨረሻ የኋላውን ወንበር አንሱ። የሻንሲ ቁጥሩ መሃል ላይ ባለው ቱቦ መሰል አጥንት ላይ ተመትቷል። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው ማስቀመጫ በታች ነው። ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ካልተመሳሰሉ ሻጩ መጀመሪያ ወረቀቱን ያስተካክል፤ እስከዚያ ቀብድ አትስጡ።